ቁጥር አሥራ ሁለት የእኔ ሥራ አይደለም

ለተከበሩ የቤት ለቤት የጥበብ ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ግልባጩ፦ በደጄ ለሚያልፉ ጎረቤቶቼ በሙሉ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በሁለት ቀን ውስጥ የሠላሳ አራት ቤቶችን ደረጃ ወጥቶ ለወረደው ጉልበትዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ ማለትም እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ ደግሞ መንገድ እቀይራለሁ። ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ሆኖም ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። ለሠላሳ ስድስት ዓመት በመንገዶች ጽሕፈት ቤት ካርታ ስነድፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከሥራ መልስ ባለኝ ጊዜ ሁሉ በባሕር ላይ የሚሄድ ጀልባ የምስል፣ ባሕር በዓይኔ አይቼ የማላውቅና ዋና የማልችል ሰው ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከፊት ክፍላችን መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን ተክላ የሠፈሩን ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር፣ የተቀደደ ስትጠግን ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ሰዉ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። እኔን ደግሞ «ሠዓሊው» ይሉኛል፤ ሲሉኝ ግን ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር አለ።

ጉዳዩን ሳላንዛዛ ላስቀምጠው። ባለፈው ወር በተካሄደው የጥበብ ጉዞ ቤቴን ለጎብኚ ከፍቼ ነበር፤ ኮሚቴዎም «የጎብኚዎች ምርጫ» ብሎ የሸለመኝ፣ ለአዳራሹ መግቢያ ብሎ ከግድግዳዬ አውርዶ የወሰደው፣ በመጪው ሐሙስም ከሥሩ ስሜን በነሐስ ሰሌዳ ሊተክልበት የተዘጋጀው ቁጥር አሥራ ሁለት የእኔ ሥራ አይደለም። የእህቴ ነው። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ተመላልሼ ብናገርም ሰሚ ስላጣሁ፣ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በተራ ቁጥር አድርጌ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ፦ ለአስተናጋጅ ቤቶች ለላካችሁልን ባለ አርባ ገጽ መመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ቤቴ ቤት መምሰሉ ነውር መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ የተረዳሁት ከእሱ ነው። አንቀጽ አሥራ አራት «የኑሮ ዕቃ ከጎብኚ ዓይን ይሰወር» ይላል። የታዘዝኩትን የማጓድል ሰው አይደለሁምና አልጋውን፣ የመድኃኒት ብልቃጦቹን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ በመጨረሻም የስፌት መኪናውን ከነባለቤቷ ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ማድ ቤት አስገባሁ። መመሪያው የኑሮ ዕቃ ሲል እህትን ይጨምር አይጨምር ባለማብራራቱ ኮሚቴውን መውቀስ በቻልኩ ነበር፤ ግን መኪናውን ሳነሳ በሰባ ሦስት ዓመቷ በአንድ በኩል ይዛ ያገዘችኝ እሷው ስለሆነች ለመውቀስ አፍ የለኝም። ሁለቱን ቀን በምድጃውና በውሃ በርሜሉ መካከል ተቀምጣ አሳለፈች። በመክፈቻው ጠዋት የመኪናው ድምፅ ጎብኚ እንዳይረብሽ ብዬ እንድታቆም ነገርኳት። አቆመች።

2ኛ፦ እርጥበት ያለበት ቤት ከካርታው እንዲሰረዝ ስለሚያዘው ስለ አንቀጽ ስድስትም ምስጋናዬ ይድረስዎ። የፊት ክፍላችን ግድግዳ ከጎረቤት መታጠቢያ ቤት ጋር ስለሚጋራ፣ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል እርጥብ ቦታ አለው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቼን አንድ በአንድ እያነሳሁ ብለካ አንዳቸውም አልሸፍን አሉ። ወዲህ ወዲያ ስል፣ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ እህቴ ከማድ ቤት ወጥታ ግድግዳውንም እኔንም አየችና የስፌት መኪናዋን ከአቧራ የምትሸፍንበትን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። «ይቺ ትበቃው ይሆን?» ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ሰቀለችው። በትክክል በቃው።

ስለ ጨርቁ ልንገርዎ፤ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ላውቀው ይገባኝ ነበር። እህቴ ሱሪ ስታሳጥር ከእግሩ ጫፍ ቆርጣ የምታወጣውን ትርፍ አትጥልም። አንዱ ሁለት ጣት፣ አንዱ አራት ጣት ስፋት ያለው ያ ቁርጥራጭ በዓመት በዓመቱ ጎን ለጎን እየተጋጠመ፣ ጥቁሩ ከቡናማው፣ ቡናማው ከሰማያዊው እየተሰፋ፣ ግድግዳ የሚያህል ሆኗል። አርባ ዓመት ሙሉ በቤቴ ውስጥ ሲያድግ አንድ ቀን እንኳ ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም። ዓይኔ ባሕር ላይ ነበር።

3ኛ፦ በመክፈቻው ጠዋት የመጡት ተቆጣጣሪዎ ሥራቸውን ያቀላጠፉበት ፍጥነት እስካሁን ያስደንቀኛል። አሥራ አንዱን ጀልባዎቼን አይተው ለመጨረስ የወሰደባቸው ጊዜ በር ላይ ጫማቸውን ለመጥረግ ከወሰደባቸው ያንሳል። ጨርቁ ፊት ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንቀጽ ዘጠኝ ቁጥርና የሠሪው ስም የሌለው ነገር በጎብኚ ክፍል እንዳይሰቀል ስለሚከለክል፣ «ይሄስ?» አሉኝ። መጋረጃ ነው ብል የኑሮ ዕቃ ነው ብለው ሊያስወርዱት ነው፤ ከወረደ እርጥበቱ ሊታይ ነው፤ እርጥበቱ ከታየ ከካርታው ልሰረዝ ነው።  እሳቸውም ዝምታዬን የጥበበኛ ትሕትና አድርገው ቆጠሩልኝና ተለጣፊ ወረቀት አውጥተው «ቁጥር 12፣ ርእስ የለውም» ብለው ከሥሩ ስሜን ጻፉበት። እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል አልዋሸሁም፤ ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ቃሉ ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

4ኛ፦ በጉብኝት ካርታችሁ ላይ የአስተናጋጅ ቤቶችንና የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ነጥብ ማመልከታችሁ ታላቅ ውለታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጎብኚዎቼ ፊታቸው ተጨንቆ ገብተው ፊታቸው በርቶ የወጡ ናቸው፤ ጀልባዎቼን አይተው ነው ብዬ ለማመን ብዙ ጥሬያለሁ። አሥረኛዋ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። እሷም ከዚያው ጉዳይዋ ስትመለስ ጨርቁ ፊት ቆመች፣ ቀረበች፣ ራቀች፤ ከዚያም «በዚህ ሥራ ምን ለማለት ፈልገው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ስልሳ አንድ ዓመት ስኖር ምን ለማለት እንደፈለግሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጥያቄው የልብ ልብ ሰጠኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ የተበጣጠሰውን የዘመናችንን ሰው ማንነት መልሼ ለመግጠም ያደረግሁት የረጅም ጊዜ ትግል ነው አልኳት። ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈችው! ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ቡናማው የተረሳ አፈር ሆነ፣ ሰማያዊው የማይደረስበት ተስፋ ሆነ፣ አንዷ አመድማ ቁራጭ የሰው ልጅ ብቸኝነት ሆነች። ጎብኚ በዛ፣ ደጅ ላይ ተራ መጠበቅ ጀመሩ፣ እኔም ለእያንዳንዱ ቡድን ከፊተኛው የረዘመ ማብራሪያ ሰጠሁ። የማድ ቤታችን በር ስስ ጣውላ ነው። የስፌት መኪናው በእኔ ትእዛዝ ዝም ስላለ፣ እህቴ የተናገርኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታለች።

5ኛ፦ በሁለተኛው ቀን የሠፈሬ ሰዎች መጡ። ጀልባዎቼን በነፃ ባድላቸው እንኳ የማይቀበሉኝ ሰዎች በራሳቸው እግር መምጣታቸው አስደሰተኝ። የባንኩ ጥበቃ ጨርቁ ፊት አጎንብሶ አንዷን ጥቁር ሰማያዊ ቁራጭ በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፤ ጠርዟን ገለጥ አድርጎ አየና ፈገግ አለ። «ይቺን እኮ አውቃታለሁ» አለኝ። እኔም እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ፣ እውነተኛ ጥበብ ተመልካቹን ድሮ የሚያውቀው ነገር ያየ እንደሚያስመስለው በትዕግሥት አስረዳሁት። «እንደዚያ ነው?» ብሎ ወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቷን ይዛ መጣች፤ ሁለቱም አንዲት ነጭ ቁራጭ እያሳዩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቅም ከሥራው ድብቅ ገጽታዎች አንዱ ነው ብዬ አብራራሁላቸው። የድምፅ መስጫው ሣጥን ሲከፈት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ለቁጥር አሥራ ሁለት ሰጥቷል። አሥራ አንዱ ጀልባዎቼ በጠቅላላ ሦስት ድምፅ አገኙ፤ አንዱ የእኔ ነው።

6ኛ፦ ስለ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ቅሬታ የለኝም። መብራቱ ጥሩ ነበር፣ ወንበሩ ጥሩ ነበር፣ ንግግርዎም ጥሩ ነበር። የምናገረው ስለ ራሴ ነው።

ለዕለቱ የገዛሁት ሱሪ ረዘመኝ። እህቴ በዋዜማው ወንበር ላይ አቁማኝ፣ እሷ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ በመርፌዎቹ መካከል «አትወዛወዝ» እያለች አስተካከለችልኝ። እኔ ከላይ ሆኜ ንግግሬን እለማመድ ነበር። በንግግሬ ኮሚቴውን አመሰገንኩ፣ ብርሃንን አመሰገንኩ፣ ትዕግሥትን አመሰገንኩ፤ ክቡር ሰብሳቢ፣ ባሕርን ሳይቀር አመሰገንኩ! እሷ ከኋላ ረድፍ ኮቷን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። እርስዎ ተነስተው ስለዚያች አመድማ ቁራጭና ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ሲናገሩ መሀረቧን አፏ ላይ ያዘች፤ ልቧ ተነክቶ የምታለቅስ መሰለኝ። የምስክር ወረቀቱን ስቀበል ጭብጨባው ትንሽ ዘገየ። እሱንም በስሜት መዋጥ አድርጌ ወሰድኩት።

ከአዳራሹ ስወጣ የባንኩ ጥበቃ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ሱሪዬ ተሸለመ» አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ጥቁር ሰማያዊዋ የመጀመሪያ የጥበቃ ልብሱ እንደሆነች፣ ነጯ ነርሷ በተማሪነቷ የለበሰችው፣ ከሷ ጎን ያለችው የጎረቤታችን የሾፌሩ የሠርግ ሱሪ፣ ከላይ ያለችው የገዛ ልጁ ትምህርት ቤት የገባ ቀን የለበሳት። መንገዱ ላይ ጨርቁ ውስጥ የሌለ ሰው የለም። ሁለቱን ቀን ሁሉም የየራሱን ሲፈልግ ነበር፤ ድምፅ የሰጡትም ለእህቴ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ተበጣጠሰ ማንነት ስደሰኩር የሰሙኝ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ እያወቁ ነው የሰሙኝ። በመጨረሻም «እትዬን ወደ መድረኩ የምትጠራት መስሎን እጃችንን አዘጋጅተን ነበር እኮ» አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ እንዲያው እንደዋዛ።  ጭብጨባው ለምን እንደዘገየ ያኔ ገባኝ።

አፍሬያለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላው ሁሉ ወግ ነው፤ ይህ ግን እውነት ነው። እህቴ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ቤት ስንደርስ ያለችኝ «ጫማው አልጠበበህም?» ብቻ ነው።

7ኛ፦ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ጨዋነት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። በመጀመሪያው ቀን፣ በአንቀጽ ሦስት መሠረት የሥራ ባለቤት ሊባል የሚችለው ቀድሞ የተመዘገበ ሠዓሊ ብቻ ስለሆነ እህቴ ለሚቀጥለው ዓመት ብትመዘገብ ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። በሁለተኛው ቀን ሰሌዳው ተቀርጾ እንዳለቀና ነሐስ እንደማይፋቅ አስረዱኝ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዎ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ ነገሩን ማንሳት ኮሚቴውንም እኔንም ከማሳፈር በቀር ጥቅም እንደሌለው በለሰለሰ አንደበት መከሩኝ። «ለመሆኑ እህትዎ ቅሬታ አቅርበዋል?» አሉኝ። አላቀረበችም አልኩ። «እንግዲያው ማን ተጎዳ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እህቴ አሁን መኪናዋን ወደ መስኮቱ ሥር መልሳለች። እርጥቡ ግድግዳ ላይ የአልጋ ልብስ ሰቅላለች። የመኪናው መሸፈኛ እናንተ ዘንድ ስለሆነ ከጀልባዎቼ ትልቁን ከፍሬሙ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ስፋቱ ልክ ሆነ። ቀለሙ ጣት ላይ እንደሚቀር ግን አልደበቀችኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ሐሙስ የሚተከለው ሰሌዳ በእህቴ ስም ይሁን። የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ጥግ ላይ ያለው የጣት አሻራ የእኔ ነው፣ ደጋግሜ ሳየው የቀረ ነው። ለሥራው ርእስ ምን እንስጠው ብዬ ብጠይቃት «ምን ርእስ አለው፣ የሰው ሱሪ ነው» ብላኛለችና «የሰው ሱሪ» ተብሎ ይጻፍልኝ። ነሐሱ አይፋቅም ከተባለ ደግሞ ጨርቁን መልሱላትና ሰሌዳውን ባዶው ግድግዳ ላይ ትከሉት። የእኔ ሥራ እሱ ነው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የጥበብ ጉዞ መመሪያዎ ሰማንያ ገጽ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከዚህ በታች ዝቅ ማለት ቢቻል ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የአሥራ አንድ ጀልባ ሠዓሊ፣ የአንድ ጨርቅ ሌባ፣
የእትዬ መርፌ ታናሽ ወንድም

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እህቴ በአዳራሹ መሀረቧን አፏ ላይ የያዘችው ሳቋን ለማፈን እንደነበር ነግራኛለች። አመድማዋ ቁራጭ የእርስዎ ናት። የመጀመሪያ ሥራዎን ሊጀምሩ በነበረበት ጠዋት የታላቅ ወንድምዎን ሱሪ ይዘው መጥተው፣ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ በእህቴ ፎጣ ተጠቅልለው ከበራችን ኋላ ብቻዎን ቆመው ነበር አሉ። እንግዲህ ስለ ብቸኝነት የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ በአደባባይ ስላነሳሁብዎ ግን ይቅርታ።

ይህን ስትነግረኝ የራሴን ቁራጭ መፈለግ አማረኝ። ጋዜጣው ያወጣውን የጨርቁን ፎቶ መብራት ሥር ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ረድፍ በረድፍ ፈለግሁ፤ የለሁበትም። ሃምሳ ዓመት ሱሪዬን የምታስተካክለው እሷ ሆና ሳለ የእኔ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋት። ክሯን በጥርሷ በጥሳ «ያንተን ቆርጬ አላውቅም፤ ገልብጠህ እየው» አለችኝ። በመድረኩ ላይ የለበስኩትን ሱሪ ገልብጬ አየሁት፤ አራት ጣት ሙሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። በስልሳ አንድ ዓመቴ ለምን አልኳት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች። «ታድጋለህ እያልኩ።»